ትልቁ ኪራይ ሰብሳቢ ማነው?

የመንግሥት ቤቶችና ሕንፃዎች ቁልፍ በማን እጅ እንዳለና በማን እጅ መሆን እንደሚገባው



ኢሕአዴግ በሥልጣን ላይ በነበረባቸው ዓመታት ከማንኛውም ቃል ይበልጥ ጆሯችንን ያደነቆረው «ኪራይ ሰብሳቢ» የሚለው ቃል ነበር። ነጋዴው ኪራይ ሰብሳቢ፣ ምሁሩ ኪራይ ሰብሳቢ፣ ተቃዋሚው ኪራይ ሰብሳቢ። በስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ የጠየቀ የመንግሥት ሠራተኛ ሳይቀር በግምገማ ኪራይ ሰብሳቢ የሚል ታፔላ ይለጠፍበት ነበር። ድርጅቱ በ2012 ፈርሶ በብልጽግና ሲተካ ቃሉም አብሮት ደበዘዘ። በዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል ግን አንድ ያልተነሳ ጥያቄ ነበር፤ ዛሬም አልተነሳም። ለመሆኑ በቀጥተኛው ትርጉም፣ በየወሩ ደረሰኝ እየቆረጠ የቤት ኪራይ የሚሰበስበው የአገሪቱ ትልቁ አከራይ ማነው?

መንግሥት ነው። በአዲስ አበባ ከመንግሥት የበለጠ ብዙ ቤት ያለው አከራይ የለም። ከመኖሪያና ከንግድ ቤቶቹ በተጨማሪ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችን፣ ትምህርት ቤቶችን፣ ሆስፒታሎችን፣ አዳራሾችን፣ መጋዘኖችንና የእንግዳ ማረፊያዎችን ይዟል። ይህን ሁሉ የሚያስተዳድሩት ሰዎች ስንት እንደሆኑ፣ እንዴት እንደተሾሙ፣ ለስንት ጊዜ እንደተሾሙና ለማን እንደሚጠየቁ ከአንባቢዎቻችን ስንቱ ያውቃል? ቤት ውስጥ የሚኖረው ተከራይ ራሱ አያውቅም። ፓርቲያችን መንግሥት ቤት መያዙን በጅምላ አይቃወምም። የምንቃወመው የዚህን ሀብት ቁልፍ የያዙት የበላይ ኃላፊዎች በጓዳ ተሹመው በጓዳ የሚሻሩ፣ ለሾማቸው እንጂ ለባለንብረቱ ሕዝብ መልስ የማይሰጡ መሆናቸውን ነው።

ንብረቱ ከየት መጣ?

ወጣቱ መራጭ ላያውቀው ይችላልና ከመነሻው እንጀምር። ደርግ ሐምሌ 19 ቀን 1967 አዋጅ ቁጥር 47/1967ን አወጣ። የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ለቤተሰብ ከተፈቀደው አንድ የመኖሪያ ቤት በላይ ያለው ሰው ትርፍ ቤቱን ተነጠቀ። ኪራይም እንደየመጠኑ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ከዚያ ክፍፍሉ መጣ። ወርኃዊ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነውን ቤት ቀበሌ ሲረከብ፣ ከዚያ በላይ የሚያወጣውን፣ ማለትም ቪላውን፣ አፓርታማውንና የንግድ ሕንፃውን፣ የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ያዘ። ለትርፍ ቤት ባለቤቶች አዋጁ ካሣ ቃል ገብቶ ነበር፤ ለብዙዎቹ ቃሉ ቃል ሆኖ ቀረ።

የአዋጁን ፍትሐዊነት እዚህ አንከራከርበትም። ጭሰኛ ሆኖ ለከተማ ባላባት ኪራይ ሲገፈግፍ ለኖረው ድሃ እፎይታ እንደነበረም አንክድም። ነገር ግን ከግለሰብ የተወሰደው ቤት «ለሰፊው ሕዝብ» ተብሎ እንደተወሰደ መርሳት አይገባም። ደርግ በ1983 ሲወድቅ ኢሕአዴግ የአዋጁን ፍልስፍና እያወገዘ ቤቶቹን ግን እንዳሉ ተረከበ። የ1987 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ ደነገገ፤ በአንቀጽ 89 ደግሞ መንግሥት ይህን ሀብት በሕዝብ ስም የመያዝና ለጋራ ጥቅም የማዋል ግዴታ ጣለበት። በሕግ ቋንቋ በሌላ ሰው ስም ንብረት የያዘ ሰው ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የአንድን ሟች ውርስ የሚያጣራ ሰው እንኳን የንብረቱን ዝርዝር ሳያቀርብ ሥራውን ጨርሻለሁ ሊል አይችልም። የሕዝብን ውርስ የያዘው መንግሥት ግን ከ1967 እስከ ዛሬ ዝርዝሩን ለባለንብረቱ አላቀረበም።

በየጊዜው የሚለወጠው ታፔላው ነው። የኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተባለ፣ የመንግሥት ቤቶች ኤጀንሲ ተባለ፣ በ2009 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 398/2009 የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ተባለ። በቀበሌ በኩል ያለውም ቀበሌ ራሱ ፈርሶ ወረዳ ከሆነ በኋላ ዛሬም «የቀበሌ ቤት» ነው። ሕዝቡ ስሙን አለመለወጡ አዲስ ነገር ስላላየ ነው።

«ባለቤቱን ንገረኝና እሱን እከሳለሁ»

ይህን ጽሑፍ የሚጽፈው ሰው በጥብቅና ሥራ ላይ በነበረበት ጊዜ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ቢሮው መጡ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በአንድ የቀበሌ ቤት ኖረዋል። ኪራያቸው በወር ከአንድ ኪሎ ስኳር ዋጋ ያነሰ ነው፤ አንድም ወር አላሳለፉም፤ ደረሰኙን ሁሉ በላስቲክ ጠቅልለው ይዘው መጥተዋል። ጣሪያው ያፈሳል። ይጠገንልኝ ብለው አመለከቱ፤ በጀት የለም ተባሉ። በሁለተኛው ክረምት የልጃቸው ልጅ ከሥራው ገንዘብ አጠራቅሞ ስድስት ቆርቆሮ ገዛና ጣሪያው ተለወጠ። በሳምንቱ «ያለ ፈቃድ የመንግሥትን ቤት ቅርፅ ለውጠዋል» የሚል ማስጠንቀቂያ በራቸው ላይ ተለጠፈ።

በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ የሆነ ሰው ቤቱን ለአገልግሎት በሚበቃ ሁኔታ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ያስቀምጣል። ስለዚህ ጉዳዩ በሕግ በኩል አስቸጋሪ አልነበረም። አስቸጋሪው ነገር ሌላ ነበር። ቀበሌው ውሳኔው የክፍለ ከተማው ነው አለ። ክፍለ ከተማው የቤቶች አስተዳደሩን ጠይቁ አለ። የቤቶች አስተዳደሩ ቦታው ለመልሶ ማልማት የተያዘ ስለሆነ መሬት ክፍሉን አነጋግሩ አለ። መሬት ክፍሉ እኛ ስለ ቤት አናውቅም አለ። እማማም ከሦስት ወር ምልልስ በኋላ «ልጄ፣ የቤቱን ባለቤት ንገረኝና እሱን እከሳለሁ» አሉኝ። ሕግ የተማርኩ ሰው ሆኜ መልስ አልነበረኝም። ማስጠንቀቂያው በመጨረሻ ተነሳ፤ የተነሳው ግን በሕግ ሳይሆን እዚያ ቢሮ የሚሠራ አንድ ደግ ሰው ፋይሉን ስለዘጋው ነው። ደግ ሰው የማያጋጥማቸው ስንት ይሆኑ?

ይህ የአንድ ቀበሌ ሠራተኛ ጥፋት አይደለም። ከላይ ሆኖ «ይህ ቤት የእኔ ኃላፊነት ነው፤ የጥገና በጀቱ ይህን ያህል ነው፤ ካልጠገንኩ ክሰሱኝ» የሚል ስምና ፊርማ ያለው ኃላፊ ሲጠፋ፣ ከታች ያለው ሠራተኛ የሚቀረው መሣሪያ ማስጠንቀቂያ መለጠፍ ብቻ ነው።

መንግሥት ስለ ራሱ የመሰከረው

እኛ ስንናገር «የተቃዋሚ ወሬ» ይባላልና የመንግሥትን ምስክርነት እንጥራ። በጥር 2013 የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር አስጠንቼዋለሁ ያለውን የመሬትና የቤት ጥናት ውጤት ለሕዝብ ይፋ አደረገ። ከ21 ሺህ በላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሕጋዊ ባልሆነ መንገድ መያዛቸውን፣ ከ10 ሺህ በላይ የቀበሌ ቤቶችም እንዲሁ በሕገ ወጥ መንገድ መያዛቸውን ተናገረ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ከ300 በላይ «ባለቤት አልባ» ሕንፃዎች ተገኙ መባሉ ነው።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል። ባለቤት አልባ ውሻ ሰምተናል። ሕንፃ እንዴት ባለቤት አልባ ይሆናል? ሕንፃ መሬት ይፈልጋል፣ ፕላን ይፈልጋል፣ የግንባታ ፈቃድ ይፈልጋል፣ መብራትና ውሃ ይገባለታል፣ ሲሚንቶና ብረት የጫነ መኪና በጠራራ ፀሐይ በዋና መንገድ ያልፋል። ድሃዋ እናት ስድስት ቆርቆሮ ስትለውጥ በሳምንት ውስጥ የደረሰ መንግሥት ከ300 በላይ ሕንፃ ሲቆም አላየም ማለት ነው? አበው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ያሉት ለዚህ ነው። እዚህ አገር የተናቀው ባለቤት ሕዝቡ ነው።

ጥናቱ ይፋ ሲሆን አጨብጭበናል፤ ተገቢ ሥራ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን የትኛው የበላይ ኃላፊ በምን ጊዜ ውስጥ ምን ያህል ቤት በእጁ ላይ እንደጠፋ የሚያሳይ ዝርዝር ለሕዝብ አልቀረበም። ዓመት ተመንፈቅ ሳይሞላም ሐምሌ 1 ቀን 2014 የ14ኛው ዙር የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ወጣ። ከ25 ሺህ በላይ ቤቶች በቴሌቪዥን ፊት በኮምፒውተር ዕጣ ወጣባቸው። እልልታው ሳይበርድ አስተዳደሩ ራሱ ለዕጣው በተጫነው መረጃ ላይ ማጭበርበር ተፈጽሟል ብሎ ዕጣውን ሰረዘ፤ ኃላፊዎችና ባለሙያዎችም ታሰሩ። ከ1997 ጀምሮ ተመዝግቦ፣ ከልጁ ጉሮሮ እየነጠቀ ቆጥቦ፣ ስሙ በስክሪን ላይ ሲወጣ ያለቀሰ ሰው በሳምንቱ በሌላ ምክንያት አለቀሰ። ጥፋቱ የታወቀው ዕጣው ከወጣ በኋላ መሆኑን ልብ በሉ። መረጃውን አስቀድሞ የመረመረ ነፃ አካል አልነበረም። የሚያስተዳድረው፣ ዕጣ የሚያወጣው፣ ራሱን የሚቆጣጠረውና ራሱን የሚከሰው አንድ ቤት ነው።

ቁልፍ ያዡ

አሁን ወደ ዋናው ነጥባችን እንግባ። የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ወደ 18 ሺህ የሚጠጉ ቤቶች በእጁ እንዳሉ ይነገራል፤ በሺህ የሚቆጠሩት የንግድ ቤቶች ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ያሉት ፒያሳን፣ ቦሌንና ሜክሲኮን በመሳሰሉ፣ አንድ ካሬ ሜትር በወርቅ ሚዛን በሚመዘንባቸው ቦታዎች ነው። ይህን የሚመራ ሰው ከብዙ ሚኒስትሮች የበለጠ ሥልጣን አለው። ሚኒስትር ደብዳቤ ይጽፋል፤ ይህ ሰው ቤት ይሰጣል፣ ቤት ይነሳል።

እንዴት ይሾማል? በአዋጅ ቁጥር 25/1984 በመንግሥት የልማት ድርጅቶች ቦርድ ውስጥ ከአንድ ሦስተኛ ያልበለጡ አባላት በሠራተኞች ጉባኤ እንዲመረጡ ተፈቅዶ ነበር። ሌሎቹን የሚሾመው ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ነው። በተግባር የቦርድ ሰብሳቢ ሚኒስትር ወይም ሚኒስትር ዴኤታ መሆኑ የተለመደ ነው። ሚኒስትሩ የራሱ ሥራ አለው፤ የሌሎች ሁለት ሦስት ድርጅቶች ቦርድም ይመራል፤ በዚህ ላይ የፓርቲ ሥራ አለበት። የቤት ጥገና ሪፖርት የሚያነብበት ጊዜ ከየት ያመጣል? ዋና ሥራ አስፈጻሚው ደግሞ ከተሾመበት ቀን ጀምሮ የሚያስበው ስለ ጣሪያና ስለ ቧንቧ ሳይሆን ስለሾመው ሰው ነው። የሥራ ዘመኑ በሕግ ስላልተወሰነለት በአንድ ስልክ ሊነሳ ይችላል። በአንድ ስልክ የሚነሳ ኃላፊ በአንድ ስልክ ቤት ይሰጣል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የሕዝባችን ክፋት አይደለም፤ የሹመቱ አሠራር የወለደው ነው። ሹመት ውለታ ከሆነ ውለታ መመለሱ አይቀርም።

በዚህ ላይ ለእኛ ለሕግ ሰዎች እንቅልፍ የሚነሳን ጉዳይ አለ። የመንግሥት ቤት ለባለሥልጣን ብቻ የሚሰጥ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 653/2001 ከኃላፊነት የሚነሱ የአገርና የመንግሥት መሪዎችን፣ ከፍተኛ ባለሥልጣናትን፣ የምክር ቤት አባላትንና ዳኞችን መብትና ጥቅም ሲወስን የመኖሪያ ቤትንም ጉዳይ ይነካል። በሥራ ላይ ያለ ዳኛም በመንግሥት ቤት ሊኖር ይችላል። እስቲ አስቡት። መንግሥት ተከሳሽ የሆነበት መዝገብ በዳኛው ጠረጴዛ ላይ አለ። ዳኛው ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ የሚከፍተው በር የተከሳሹ ነው። የኪራይ ውሉን የሚያድሰው የተከሳሹ ሹመኛ ነው። ልጆቹ የሚማሩት በዚያ ሰፈር ነው። ዳኛው ሐቀኛ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ሐቀኛ ዳኞች አውቃለሁ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 79 የዳኝነትን ነፃነት ሲያውጅ ግን በዳኛው ጀግንነት ላይ አልተማመነም። ነፃነት ማለት ዳኛው ጀግና መሆን ሳያስፈልገው በእውነት የሚፈርድበት ሁኔታ ነው። ቁልፉ በአስፈጻሚው እጅ እስካለ ድረስ ዳኛው ጀግና ለመሆን ይገደዳል።

በኃላፊነት ላይ ያለ ባለሥልጣንም ከዚህ የተለየ ዕጣ የለውም። በምክር ቤት እጁን ከፓርቲው መስመር ውጭ ሊያወጣ ያሰበ ሰው በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ ደመወዙ አይደለም፤ ደመወዙማ ምን አላት? የሚያስበው ቤቱን ስንት ቀን ውስጥ ልቀቅ እንደሚባል ነው። ቪላው ከግምገማ ይበልጥ አፍ ያስይዛል።

አሳንሰር የማይሠራበት መንግሥት

ከመኖሪያና ከንግድ ቤቱ ወጥተን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን እንይ፤ ይህንን አጠር አድርገን እንለፈው፤ አንባቢው በየቀኑ ያየዋል። ውሃ የሌለው መፀዳጃ ቤት፣ «አሳንሰሩ አይሠራም» የሚል የደበዘዘ ወረቀት፣ ዝናብ የበላው የፋይል ክፍል። መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ በግል አልሚው ላይ ግዴታ ጥሏል። ራሱ ግን ጉዳተኛውን ዜጋ አራተኛ ፎቅ ላይ ቀጥሮ በደረጃው ሥር ያስቀምጠዋል። ብዙ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ከግል ባለሕንፃ ተከራይተው ይሠራሉ፤ መንግሥት በአንድ እጁ በመሀል ከተማ ቤት እያከራየ በሌላ እጁ ይከራያል ማለት ነው። ሁለቱን ሒሳብ ጎን ለጎን አስቀምጦ ያሳየን ኃላፊ እስካሁን አልተገኘም።

አንድ ገጠመኝ ልጨምርና ልለፍ። ፓርቲያችን ሕዝባዊ ስብሰባ ለማድረግ አንድ የመንግሥት አዳራሽ በደብዳቤ ጠየቀ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የአዳራሹን ኪራይ ለመክፈል ፈቃደኛ መሆናችንንም ገልጫለሁ። ከአሥራ አንድ ቀን በኋላ «አዳራሹ በዕድሳት ላይ ስለሆነ ጥያቄያችሁን መቀበል አልቻልንም» የሚል ማኅተም ያለበት መልስ ደረሰን። በተባለው ቀን በዚያው መንገድ ሳልፍ ግቢው በመኪና ተሞልቷል፤ በሩ ላይ የሌላ ስብሰባ ባነር ተሰቅሏል፤ ከውስጥ ጭብጨባ ይሰማል። ዕድሳቱ በጭብጨባ ይካሄድ ከሆነ አላውቅም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 የመሰብሰብን መብት ይሰጣል፤ የአዳራሹ ኃላፊ በሁለት መስመር ደብዳቤ ይነሳል። ያ ኃላፊ በግሉ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። ለእኛ ቢፈቅድ በማግሥቱ ማን እንደሚደውልለት ያውቃል።

ሲፈርስ ማን ፈረመ?

በየካቲትና በመጋቢት 2016 ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው ለኮሪደር ልማት ፈረሱ። በ2017 መጀመሪያ ላይ ካዛንቺስ ተከተለ። ከተማ ማደጉን አንጠላም፤ ሰፊ የእግረኛ መንገድ ለልጆቻችንም ነው። ከፈረሱት ቤቶች ብዙዎቹ ግን የመንግሥት ንብረቶች ነበሩ፤ የቀበሌ ቤቶች፣ በኮርፖሬሽኑ ሥር ያሉ የንግድ ቤቶች፣ ከነዚህም መካከል ዘመን ያስቆጠሩ፣ የአርመንና የህንድ ግንበኞች አሻራ ያለባቸው ይገኙበታል። ንብረት ከመዝገብ ሲሰረዝ ሰነድ ይዘጋጃል፣ ዋጋ ይገመታል፣ የሚፈርም ኃላፊ ይኖራል። አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ወንበር ለማስወገድ ኮሚቴ ያቋቁማል። የፍትሐ ብሔር ሕጉም ከቁጥር 1444 ጀምሮ ለሕዝብ አገልግሎት የተመደበ የመንግሥት ንብረት ያለ ሥርዓት ወደ ሌላ እንዳይተላለፍ ይከለክላል። የፒያሳን ቤቶች ከመዝገብ የሰረዘው ማነው? ግምታቸው ስንት ነበር? የተለቀቀው መሬትስ ለማን፣ በምን ዋጋ ተላለፈ? አርባና ሃምሳ ዓመት የኖሩ ተከራዮች ዕቃቸውን በጥቂት ቀናት ጭነው ከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ሲሄዱ፣ ጎረቤት ከጎረቤት፣ እድርተኛ ከእድርተኛ ሲለያይ፣ የንብረቱ ጠባቂ ነኝ የሚል አንድ ኃላፊ ወጥቶ መልስ ሲሰጥ አልሰማንም።

ለሚቃወሙን የምንሰጠው መልስ

አንዳንዶች «ኮርፖሬሽኑ ተለውጧል፣ ኪራዩን አስተካክሏል፣ አዳዲስ ሕንፃ እየገነባ ነው» ይሉናል። እውነት ነው፤ በ2011 የንግድ ቤቶችን ኪራይ ከፍ ሲያደርግ ለዓመታት በርካሽ ተከራይተው በውድ ለሌላ የሚያከራዩ ደላሎችን ጥቅም ነክቷል፤ ከረጅም ዘመን በኋላም ግንባታ ጀምሯል። መልካም ሥራን መልካም ለማለት አንፍርም። ነገር ግን የዚያን ጊዜ ቅሬታ ያሰሙት ሁሉ ደላሎች አልነበሩም። በሠላሳ ካሬ ሜትር ሱቅ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩም ነበሩ። ደላላውን ከባለሱቁ የሚለይ ግልጽ መዝገብ ስለሌለ ሁሉም በአንድ ጅራፍ ተመቱ። የተገኘው ተጨማሪ ገቢስ ስንቱ ለጥገና፣ ስንቱ ለግንባታ እንደዋለ ተከራዩ በምን ይወቅ?

ሌሎች ደግሞ «ሁሉንም ለግል ሽጡትና ተገላገሉ» ይላሉ። ዝርዝሩ ሳይታወቅ የሚሸጥ ንብረት ለማን እንደሚሸጥ ከደርግ ውድቀት ወዲህ ያየነው ይበቃናል። ኬንያውያን ይህን በመከራ ተምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የተቋቋመው የንዱንጉ ኮሚሽን በሚቀጥለው ዓመት ባቀረበው ሪፖርት የሕዝብ መሬትና የመንግሥት ቤቶች በሕገ ወጥ መንገድ ለግለሰቦች እንዴት እንደተላለፉ አንድ በአንድ ዘረዘረ። የተዘረፈው ከተዘረፈ በኋላ ስለነበር ማስመለሱ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ሆነ። በአሜሪካ ደግሞ የፌዴራሉን መንግሥት ሕንፃዎች ለማስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1949 የተቋቋመው መሥሪያ ቤት በእጁ ያሉትንም የተከራያቸውንም ሕንፃዎች ዝርዝር ማንም ዜጋ እንዲያየው ያወጣል። የሰማይ ጥበብ አይደለም፤ ሠንጠረዥ ነው።

ምን እናደርጋለን?

ሥልጣን ብንይዝ በመጀመሪያው ዓመት የፌዴራል መንግሥት የቤቶችና የሕንፃዎች መዝገብ እናወጣለን። እያንዳንዱ ቤት የት እንዳለ፣ ስፋቱ፣ ለመኖሪያ ነው ለንግድ፣ ኪራዩ ስንት እንደሆነ፣ መጨረሻ የታደሰው መቼ እንደሆነ ይጻፍበታል። የድሃ ተከራይን ስም አደባባይ አናወጣም፤ የባለሥልጣንን ግን እናወጣለን። ለአገር ደኅንነት የሚያገለግሉ ቦታዎች ዝርዝር በምክር ቤቱ የሚመለከተው ኮሚቴ ዘንድ በምሥጢር ይያዛል። «ምሥጢር» የሚለው ቃል ግን ቪላን ለመደበቅ አያገለግልም። ዜጋ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 እና በአዋጅ ቁጥር 590/2000 የተጻፈ ስለሆነ እዚህ አዲስ መብት አልፈጠርንም።

የዋና ሥራ አስፈጻሚውና የምክትሎቹ ቦታ በጋዜጣ ማስታወቂያ ይወጣል። ምሕንድስና፣ ሒሳብ፣ ሕግ ወይም የንብረት አስተዳደር የተማረና የሠራ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ ይወዳደራል። ያሸነፈው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፊት ቀርቦ ተጠይቆ ይጸድቅለታል፤ የሥራ ዘመኑ 5 ዓመት ይሆናል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ በምክር ቤቱ ውሳኔና በተገለጸ ምክንያት እንጂ በስልክ አይነሳም። በማንኛውም ፓርቲ፣ በእኛም ቢሆን፣ የአመራር ቦታ ሊኖረው አይችልም። በአዋጅ ቁጥር 668/2002 መሠረት የሚያስመዘግበው ሀብት ሲገባም ሲወጣም ለሕዝብ ይፋ ይሆናል። በቦርዱ ላይ በሥራ ላይ ያለ ሚኒስትር አይቀመጥም፤ በምትኩ ተከራዮችና ሠራተኞች የመረጧቸው ሰዎች፣ ከሙያ ማኅበራት የተላኩ መሐንዲሶችና የሒሳብ አዋቂዎች ይገባሉ።

ዋናው ኦዲተር በአንቀጽ 101 ሥልጣን መሠረት የቤቶቹን ሒሳብ በየዓመቱ መርምሮ ለምክር ቤቱ ያቀርባል። ምክር ቤቱም በአንቀጽ 55 የተሰጠውን ኃላፊዎችን ጠርቶ የመጠየቅ ሥልጣን በዚህ ጉዳይ ላይ በግልጽ ስብሰባ ይጠቀምበታል። ኦዲተሩ ጉድለት ባገኘበት ጊዜ «እናርማለን» የሚለው መልስ አይበቃም፤ ጉድለቱ በየትኛው ኃላፊ ዘመን እንደደረሰ በስም ይጻፋል።

የዳኞች መኖሪያ ቤት ከአስፈጻሚው እጅ ወጥቶ በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ሥር ይሆናል። ዳኛው ውሉን የሚያድሰው ከጉባኤው ጋር ነው፤ ከሥራ ቢነሳም ቤቱን የሚለቅበት ጊዜ በሕግ የተወሰነ ይሆናል።

በከተሞች ያሉት የቀበሌ ቤቶች ከተሞቹ ራሳቸው የሚያስተዳድሯቸው ቢሆኑም በምናሸንፍባቸው ምክር ቤቶች ሁሉ ይህንኑ ሥርዓት እንተክላለን። ለእያንዳንዱ ወረዳ የቤቶች ኃላፊ ስሙና የቢሮ ስልኩ በተከራዩ ደረሰኝ ላይ ይታተማል። ተከራይ ጥገና ጠይቆ በ30 ቀን ውስጥ መልስ ካላገኘ ራሱ ጠግኖ ወጪውን ከኪራዩ ያቀናንሳል፤ ኪራዩ ለቆርቆሮው የማይበቃ ከሆነ ልዩነቱን አስተዳደሩ ይከፍለዋል። የቀበሌ ቤት ለልማት ሲፈለግ ምትክ ቤቱ መብራትና ውሃ ገብቶለት፣ ተከራዩ አይቶት ከፈረመ በኋላ እንጂ ከዚያ በፊት አይፈርስም። አብረው መዛወር የሚፈልጉ የአንድ እድር አባላት በአንድ አካባቢ ይመደባሉ።

የመንግሥት አዳራሾች የጥያቄ መዝገብ በአዳራሹ በር ላይ ይለጠፋል። ቀድሞ የጠየቀ ቀድሞ ያገኛል፤ ኪራዩ ለሁሉም አንድ ነው። ዕድሳት ካለ የሥራ ተቋራጩ ስምና የሚጠናቀቅበት ቀን እዚያው ይጻፋል።

«እናንተስ ስትገቡ ያንኑ ቁልፍ አትይዙትም ወይ?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን፤ ተገቢ ጥርጣሬ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ሲወጣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የሚሰፍረው በመንግሥት ቤት የሚኖሩ ወይም በመንግሥት የንግድ ቤት የሚሠሩ የፓርቲያችን አመራሮችና ዕጩዎች ስም፣ የቤቱ አድራሻና የሚከፍሉት ኪራይ ነው። ዕጩዎቻችን ይህን ቅጽ ለምርጫ ሲቀርቡ ሞልተው ፈርመዋል። የተሞሉት ቅጾች በጽሕፈት ቤታችን አሉ፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በሥራ ሰዓት መጥቶ ማየት ይቻላል።